ተንታኙ የማያነበው ፋይል፦ ኖቴሽንና የማይተነተን ኤንቲቲ በኤክስኤምኤል

በአንድ ሰነድ ላይ «1/1/2000» የሚል ጽሑፍ ብናገኝ የትኛውን ቀን ያመለክታል? በአገራችን አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ ግን ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ ንባቦች መካከል 2,811 ቀናት አሉ። ከጽሑፉ ላይ አንድም ምልክት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የምናነብበት ሥርዓት ብቻ ነው።

ኢትዮጵያውያን ይህን ችግር ጠንቅቀን እናውቀዋለን። ከቁጥሩ በፊት «እ.ኤ.አ.» ወይም ከቁጥሩ በኋላ «ዓ.ም.» ብለን የምንጽፈውም ስለዚህ ነው። እነዚህ ጥቂት ፊደላት ስለ ቀኑ የሚነግሩን ነገር የለም፤ የሚነግሩን ቁጥሩ በየትኛው ሥርዓት መነበብ እንዳለበት ነው። በኮምፒዩተር ሰነዶች ዓለም ውስጥ ይህንኑ ተግባር የሚፈጽም ስልት አለ። ስሙ ኖቴሽን ይባላል፤ የቅርብ ባልንጀራው ደግሞ የማይተነተን ኤንቲቲ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱ ምን እንደሆኑ፣ እንዴት እንደሚሠሩና ለአንድ የሳይንስ ተማሪ ምን እንደሚጠቅሙ እንመለከታለን።

የሰነድ ዓይነት ድንጋጌ

ኤክስኤምኤል የሰነድን ይዘት በስም በተለዩ ክፍሎች እየከፈልን ለመጻፍ የሚያስችል የምልክት ቋንቋ ነው። ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም የተባለው ተቋም ደንቡን ያጸደቀው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1998 ነበር። ቋንቋው ግን ከባዶ የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆኖ ከወጣው ኤስጂኤምኤል ከተባለው ሰፊ ቋንቋ ተመርጦና ቀልሎ የተዘጋጀ ነው።

አንድ የኤክስኤምኤል ሰነድ ምን ምን ክፍሎች ሊኖሩት እንደሚገባ የሚወስነው ሕግ የሰነድ ዓይነት ድንጋጌ፣ በአጭሩ ዲቲዲ ይባላል። በውስጡ አራት ዋና ዋና መግለጫዎች አሉ። የመጀመሪያው ኤለመንትን፣ ማለትም የሰነዱን ክፍል ይገልጻል። ሁለተኛው የኤለመንቱን ባሕርያት ይዘረዝራል። ሦስተኛው ኤንቲቲን፣ አራተኛው ኖቴሽንን ያውጃል። ብዙ መማሪያ መጻሕፍት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በሰፊው አስተምረው የኋለኞቹን በጥቂት መስመር ያልፏቸዋል። የእኛ ትኩረት በእነዚያ በሚታለፉት ላይ ነው።

ምሳሌዎቹን ከማየታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ እንስጥ። የኤክስኤምኤል ቁልፍ ቃላት በኮምፒዩተር ላይ የሚጻፉት በላቲን ዐቢይ ፊደላት ነው። በዚህ ገጽ ላይ ግን ለንባብ እንዲመች በፊደላችን እንጽፋቸዋለን። ተማሪው የራሱ ለሚሆኑት ለኤለመንቶችና ለባሕርያት ስሞች ግን ፊደላችንን በእውነትም መጠቀም ይችላል። ይህ መብት ግን ከመጀመሪያው የነበረ አይደለም። የ1998ቱ ደንብ ለስሞች የፈቀዳቸው ፊደላት ከዩኒኮድ ሁለተኛ እትም የተወሰዱ ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ፊደል ደግሞ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ስለዚህ የሰነዱ ይዘት በአማርኛ ሊጻፍ ሲችል የኤለመንቱ ስም ግን አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኤክስኤምኤል 1.1፣ ቀጥሎም በ2008 የወጣው የኤክስኤምኤል 1.0 አምስተኛ እትም ይህን ገደብ አነሡ። የቀደሙትን እትሞች ተከትለው የተሠሩ ፕሮግራሞች ስላሉ ተማሪው የሚጠቀምበትን ፕሮግራም አስቀድሞ ቢፈትሽ መልካም ነው።

ሁለቱ የኤንቲቲ ዓይነቶች

ኤንቲቲ ማለት ስም የተሰጠው የይዘት ቁራጭ ነው። ለምሳሌ በአንድ ዘገባ ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ሙሉ ስም ደጋግሞ የሚመጣ ከሆነ በዲቲዲው ውስጥ አንድ ጊዜ አውጀን በሰነዱ ውስጥ በአጭር ስም እንጠራዋለን፦

<!ኤንቲቲ ዩኒ "አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ">

ከዚህ በኋላ &ዩኒ; ብለን በጻፍንበት ሁሉ ሰነዱን የሚያነብበው ፕሮግራም፣ ማለትም ተንታኙ፣ አጭሩን ስም አንሥቶ ሙሉውን ጽሑፍ ይተካል። የተተካው ጽሑፍ የሰነዱ አካል ይሆናል፤ እንደ ሌላው ጽሑፍም ይነበባል፣ ይመረመራል። ስለዚህ የሚተነተን ኤንቲቲ ይባላል። ጽሑፉ በሌላ ፋይል ውስጥ ቢገኝም ውጤቱ ያው ነው፤ ተንታኙ ፋይሉን ከፍቶ ይዘቱን በቦታው ያስገባል።

የማይተነተን ኤንቲቲ ከዚህ የተለየ ነው። ዘወትር የሚገኘው ከሰነዱ ውጭ በሌላ ፋይል ውስጥ ሲሆን ፎቶግራፍ፣ ድምፅ፣ የመለኪያ መሣሪያ ያወጣው ጥሬ መረጃ ወይም ሌላ ማናቸውም ነገር ሊሆን ይችላል። ተንታኙ ፋይሉን አይከፍተውም። ፋይሉ የት እንደሚገኝና በምን ሥርዓት እንደተጻፈ ብቻ መዝግቦ ለሚመለከተው ፕሮግራም ያስተላልፋል።

ፎቶግራፉ ለምን በቀጥታ አይገባም?

ተማሪዎች ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄ አለ። ፎቶግራፉም ቢሆን በኮምፒዩተር ውስጥ የቁጥሮች ድርድር ብቻ ነው፤ ታዲያ ለምን በሰነዱ መካከል አናስገባውም?

መልሱ ባይቶቹን ስንመረምር ይገኛል። እያንዳንዱ ባይት ከ0 እስከ 255 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይይዛል። በጄፔግ ሥርዓት የተቀመጠ ፎቶግራፍ የመጀመሪያ ባይቱ ሁልጊዜ 255 ሲሆን ሁለተኛው 216 ነው። ዛሬ ብዙ ሰነዶች በሚጻፉበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት ግን 255 የተባለው ባይት በፍጹም አይገኝም። በዚህ ሥርዓት «ሀ» የተባለችው ፊደላችን 225፣ 136 እና 128 በሚሉ ሦስት ባይቶች ትጻፋለች። ተንታኙ በዩቲኤፍ-8 ሰነድ መካከል 255ን ባገኘ ጊዜ ሰነዱ የተበላሸ ነው ብሎ ሥራውን ያቆማል። ፎቶግራፉ ከመጀመሪያው ባይት አያልፍም ማለት ነው።

ይህ ባይሆን እንኳ ሌላ እንቅፋት አለ። ክፍሎችን የሚከፍተው < የተባለው ምልክት ቁጥሩ 60 ነው። ባይቶቹ በዘፈቀደ የተደረደሩ ናቸው ብለን ብናስብ 60 የመገኘት ዕድሉ ከ256 አንድ ስለሆነ 10,000 ባይት ባለው ትንሽ ፋይል ውስጥ በአማካይ 39 ጊዜ ያህል ይመጣል። ተንታኙም በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ኤለመንት ተጀመረ ብሎ ይሳሳታል።

እርግጥ ነው፣ ቤዝ64 የተባለውን ስልት ተጠቅሞ እያንዳንዱን ሦስት ባይት ወደ አራት ተራ ፊደላት በመለወጥ ፎቶግራፉን በጽሑፍ መልክ ማስገባት ይቻላል። ዋጋው ግን የፋይሉ መጠን በሲሶ ማደጉ ነው፤ 300 ኪሎባይት የነበረው 400 ኪሎባይት ይሆናል። ለትንሽ ምስል ይህ ብዙም አይከብድም። ብዙ ሥዕሎችና የመለኪያ ፋይሎች ላሉት ዘገባ ግን ፋይሎቹን በየቦታቸው ትቶ በስማቸው መጥራት ይሻላል።

መግለጫዎቹ በሥራ ላይ

በቤተ ሙከራ ከኦሲሎስኮፕ የተወሰደ ምስል ያለበትን አጭር ዘገባ በምሳሌነት እንውሰድ፦

<!ዶክታይፕ ዘገባ [
<!ኖቴሽን ጄፔግ ሲስተም "ኢሜጅ/ጄፔግ">
<!ኤንቲቲ ሞገድ ሲስተም "ሞገድ1.ጄፔግ" ኤንዳታ ጄፔግ>
<!ኤለመንት ዘገባ (ጽሑፍ, ሥዕል)>
<!ኤለመንት ጽሑፍ (#ፒሲዳታ)>
<!ኤለመንት ሥዕል ኤምፕቲ>
<!አትሊስት ሥዕል ምንጭ ኤንቲቲ #ሪኳየርድ>
]>
<ዘገባ>
<ጽሑፍ>ከኦሲሎስኮፕ የተገኘው ሞገድ</ጽሑፍ>
<ሥዕል ምንጭ="ሞገድ"/>
</ዘገባ>

የመጀመሪያው መግለጫ «ጄፔግ» የሚባል የአጻጻፍ ሥርዓት እንዳለ ያውጃል። በጥቅስ ውስጥ ያለው መለያ ሥርዓቱን ለሚያውቅ ፕሮግራም ፍንጭ የሚሰጥ ነው። ደንቡ በዚህ ቦታ ምን መጻፍ እንዳለበት አጥብቆ አይወስንም፤ የሥርዓቱን መስፈርት አድራሻ ወይም ፋይሉን የሚከፍተውን ፕሮግራም መጻፍም ይቻላል።

ሁለተኛው መግለጫ ለፋይሉ «ሞገድ» የሚል ስም ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ወሳኟ ቃል ኤንዳታ ናት። እርሷ ባትኖር ኖሮ ተንታኙ ፋይሉን የሚተነተን ጽሑፍ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ከእርሷ ቀጥሎ የተጻፈው የኖቴሽኑ ስም ነው፤ ይህ ስም በዲቲዲው ውስጥ ያልታወጀ ከሆነ ሰነዱ የተቀባይነት ፈተናውን አያልፍም። በሌላ አነጋገር የአንድን ባዕድ ፋይል ቦታ ተናግሮ ዓይነቱን ዝም ማለት አይቻልም።

የመጨረሻው መግለጫ «ሥዕል» የተባለው ኤለመንት «ምንጭ» የሚል ባሕርይ እንዳለው፣ የባሕርዩም ዋጋ የማይተነተን ኤንቲቲ ስም መሆን እንዳለበት ይናገራል። በአንድ ባሕርይ ውስጥ ብዙ ፋይሎችን መጥራት ከፈለግን የብዙ ቁጥሩን ቃል፣ ማለትም ኤንቲቲስን እንጠቀማለን፤ ስሞቹንም በባዶ ቦታ እየለየን እንጽፋለን።

በዚህ ቦታ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉበት ነገር አለ። የማይተነተን ኤንቲቲ በ& እና በ; መካከል ተጽፎ አይጠራም። &ሞገድ; ብሎ መጻፍ ተንታኙን «ይዘቱን እዚህ ተካ» ብሎ ማዘዝ ነው፤ ሊነበብ የማይገባውን ፋይል ለመተካት ስለማይቻል ደንቡ ይህን ፈጽሞ ይከለክላል። ስሙ የሚጻፈው ከላይ እንዳየነው በባሕርይ ዋጋነት ብቻ፣ ያለ ምንም ምልክት ነው።

የሥራ ክፍፍል

እንግዲህ ሥዕሉን ማን ያሳያል? ተንታኙ አያሳይም። የእርሱ ድርሻ መግለጫዎቹን አንብቦ ለአፕሊኬሽኑ፣ ማለትም ሰነዱን ለሚጠቀምበት ፕሮግራም ማሳወቅ ነው። ሳክስ በተባለው የተንታኝና የአፕሊኬሽን መገናኛ ውስጥ ለዚሁ የተለዩ ሁለት መልእክቶች አሉ። አንደኛው «እንዲህ የሚባል ኖቴሽን ታውጇል» የሚል ነው። ሁለተኛው «እንዲህ የሚባል የማይተነተን ኤንቲቲ ታውጇል፤ አድራሻው ይህ፣ ኖቴሽኑም ይህ ነው» ይላል። አፕሊኬሽኑ እነዚህን በሠንጠረዥ ይይዛል። «ምንጭ» የሚለውን ባሕርይ ሲያገኝ ስሙን ከሠንጠረዡ ፈልጎ ፋይሉን ለጄፔግ አንባቢው ያስረክባል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሰነድን ወደ ሌላ መልክ የሚቀይረው ኤክስኤስኤልቲ ቋንቋም ከኤንቲቲው ስም አድራሻውን የሚያወጣ ፈንክሽን አለው።

ይህ ክፍፍል የደኅንነት ጥቅምም አለው። ተንታኙ ከውጭ ያለን የሚተነተን ኤንቲቲ ራሱ ሄዶ ይከፍታል። አጥቂዎች በዚህ ተጠቅመው በሰነድ ውስጥ የአገልጋይ ኮምፒዩተርን የምስጢር ፋይል አድራሻ በማስገባት ተንታኙ ራሱ አንብቦ እንዲያወጣላቸው አድርገዋል። ኦዋስፕ የተባለው የድረ ገጽ ደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የአሥር ዋና ዋና አደጋዎች ዝርዝር ይህን ጥቃት በአራተኛ ደረጃ አስቀምጦት ነበር። የማይተነተን ኤንቲቲ ግን በተንታኙ አይከፈትም። ለመክፈትም ሆነ ላለመክፈት የሚወስነው የፋይሉን ዓይነት የሚያውቀው አፕሊኬሽን ነው።

ኖቴሽን ለጽሑፍም ያገለግላል

አሁን ወደ ተነሣንበት ቀን እንመለስ። ኖቴሽን የሚያገለግለው ለውጭ ፋይሎች ብቻ አይደለም። በሰነዱ ውስጥ ያለ ጽሑፍ በምን ሥርዓት መነበብ እንዳለበትም ሊናገር ይችላል፦

<!ኖቴሽን ኢትዮጵያ ሲስተም "የኢትዮጵያ-አቆጣጠር">
<!ኖቴሽን ጎርጎርዮስ ሲስተም "የጎርጎርዮስ-አቆጣጠር">
<!ኤለመንት ቀን (#ፒሲዳታ)>
<!አትሊስት ቀን አቆጣጠር ኖቴሽን (ኢትዮጵያ | ጎርጎርዮስ) #ሪኳየርድ>

ከዚህ በኋላ በሰነዱ ውስጥ እንዲህ እንጽፋለን፦

<ቀን አቆጣጠር="ኢትዮጵያ">1/1/2000</ቀን>

አቆጣጠሩን ሳይጠቅስ ቀን የሚጽፍ ሰው ተቀባይነትን በሚያረጋግጥ ተንታኝ ፊት ሰነዱ ስሕተት ሆኖ ይመለስበታል። ከተዘረዘሩት ሁለቱ ውጭ ሦስተኛ አቆጣጠር የሚጽፍም እንዲሁ። አንድ ኤለመንት እንዲህ ያለ የኖቴሽን ባሕርይ ሊኖረው የሚችለው አንድ ብቻ ነው፤ ይዘት የሌለው ኤለመንትም ሊኖረው አይገባም፤ የሚነበብ ነገር ከሌለ የንባብ ሥርዓት አያስፈልግምና።

ተመሳሳይ ስልት በቤተ ሙከራ ዘገባ ውስጥ የሰዓት አቆጣጠርን ለመለየት ይረዳል። «3፡00» የሚለው በእኛ ልማድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ የመለኪያ መሣሪያው ሰዓት ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓትን «3፡00» ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። መረጃውን ከዓመታት በኋላ የሚያነብብ ተመራማሪ ይህን ልዩነት ከቁጥሩ ብቻ ሊያውቅ አይችልም።

ኖቴሽን የማያደርገው

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ የስልቱን ወሰንም መናገር ይገባናል። ኖቴሽን ማወጅ ማለት መናገር እንጂ ማረጋገጥ አይደለም። ተንታኙ «ጄፔግ» የሚለው ስም መታወጁን ይመረምራል፤ ፋይሉ በእውነት ጄፔግ መሆኑን ግን ከፍቶ አያይም። «ኢትዮጵያ» በሚለው አቆጣጠር ሥር «35/14/2000» ቢጻፍም አይቃወምም፤ አሥራ አራተኛ ወር እንደሌለን አያውቅምና። ይህ ፍተሻ የአፕሊኬሽኑና የሰው ኃላፊነት ነው።

በፊዚክስ ታሪክ ይህን የሚያስተምር ከባድ ምሳሌ አለ። የአሜሪካው ናሳ ወደ ማርስ የላካት ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 1999 ወደ ፕላኔቷ ስትደርስ ጠፋች። ምክንያቱ በምርመራ ተገኘ። በምድር ላይ የነበረ አንድ ፕሮግራም የግፊት ሞተሮቹን ውጤት በፓውንድ-ፎርስ ሰከንድ ሲያወጣ፣ መንገዷን የሚያሰላው ሌላው ፕሮግራም ደግሞ ቁጥሮቹን በኒውተን ሰከንድ እንደተሰጡ አድርጎ ያነብባቸው ነበር። በሁለቱ መካከል ወደ 4.45 እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት አለ። ከመሬቷ 226 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንድታልፍ የታቀደላት መንኮራኩር ወደ 57 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብላ ገባች። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ውጤቱ በኒውተን ሰከንድ እንዲሰጥ የሚደነግግ የስምምነት ሰነድ መኖሩ ነው። ሥርዓቱ ታውጆ ነበር፤ ቁጥሮቹ ግን ዐዋጁን አልተከተሉም፤ ማንም በጊዜው አላመሳከራቸውም።

ሌላም ተግባራዊ ወሰን አለ። ተቀባይነትን የማያረጋግጥ ተንታኝ ከሰነዱ ውጭ በሌላ ፋይል የተቀመጠን ዲቲዲ እንዲያነብብ አይገደድም። መግለጫዎቹ በዚያ ፋይል ውስጥ ካሉ አፕሊኬሽኑ ስለ ኖቴሽኑም ሆነ ስለ ኤንቲቲው ምንም ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ በምሳሌያችን እንዳደረግነው መግለጫዎቹን በሰነዱ ራስጌ፣ በዶክታይፕ ቅንፍ ውስጥ ማስቀመጥ የተሻለ ዋስትና ይሰጣል።

ዛሬ የት ይገኛል?

በድረ ገጾች ዓለም ይህ ስልት አልተስፋፋም። እዚያ የሥዕሉ አድራሻ በቀጥታ በባሕርዩ ውስጥ ይጻፋል፤ የፋይሉን ዓይነት የሚናገረው ደግሞ ፋይሉን የሚልከው አገልጋይ ኮምፒዩተር ነው። ለድረ ገጽ ይህ ይበቃል። ከአገልጋዩ ተለይቶ በዲስክ ለሚቀመጥ ሰነድ ግን የዓይነቱ መግለጫ ከአገልጋዩ ጋር ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ኤክስኤምኤል ስኪማ የተባለው የዲቲዲ ተተኪም ኖቴሽንን ማወጅ ሲፈቅድ ኤንቲቲን ለማወጅ ግን መንገድ አልሰጠም።

ሆኖም ሰነዶች ለረጅም ዘመን በሚቆዩባቸውና ከብዙ እጆች በሚያልፉባቸው ሙያዎች ስልቱ ሥራ ላይ ነው። ለአውሮፕላንና ለመሰል ውስብስብ መሣሪያዎች የጥገና መመሪያ የሚያገለግለው ኤስ1000ዲ የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ሥዕላዊ መግለጫዎችን በማይተነተን ኤንቲቲ የሚጠራ ነው። ለቴክኒክ መጻሕፍት የተዘጋጀው ዶክቡክም ሥዕልን በኤንቲቲ ስም የሚጠራ ባሕርይ አለው።

ተማሪው ኤክስኤምኤልን ባይጠቀም እንኳ ከዚህ ስልት ሊወስደው የሚገባ ልማድ አለ። የመመረቂያ ጽሑፉን መረጃ በሚያስቀምጥበት ጊዜ ለእያንዳንዱ ፋይል ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ይመዝግብ፦ ስሙን፣ የሚገኝበትን ቦታ፣ የሚነበብበትን ሥርዓት። ለእያንዳንዱ የቁጥር ዐምድም አሐዱን፣ አቆጣጠሩንና የተለካበትን ሰዓት ዓይነት ይጻፍ። መረጃውን የሰበሰበው ተማሪ ተመርቆ ከሄደ በኋላ ቤተ ሙከራውን የሚረከበው ሌላ ተማሪ ነው፤ ለእርሱ የሚቀርለትም ፋይሉና በፋይሉ ላይ የተጻፈው መግለጫ ብቻ ነው።